ጠበቃ ለምኔ?

ቤት ሲገዙ ጠበቃ መያዝ የፈሪ ነገር ነው። ጀግና ውሉን ራሱ ይጽፋል፤ ያውም ደላላው በቴሌግራም ከላከለት የመኪና ሽያጭ ውል ላይ "መኪና" የሚለውን እየሰረዘ "ቤት" እያለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ይሁን፣ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊትም ይመዝገብ ይላል። ይበላ! እኛ ሦስት ሽማግሌና አንድ ኪሎ ቁርጥ አለን።

ካርታው ባንክ ተይዞ እንደሆነ ማጣራት? ሻጩ የሚቆርቡ ሰው ናቸው፤ ነውር ነው። የባለቤታቸው ፈቃድስ? የቤተሰብ ሕጉ በአንቀጽ 68 የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም ቢልም፣ እመቤቲቱ ቡና አፍልተው አቅርበዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ፊርማ አለ? ለግብር እንዲቀል ደግሞ ውሉ ላይ የዋጋው ግማሽ ብቻ ይሰፍራል። ውሉ የፈረሰ ዕለት ታዲያ በእጅ ያለው ማስረጃ የሚናገረው ያንኑ ግማሽ ነው።

ያኔ ጠበቃ መቅጠር አይቀርም፤ ውል ለማየት ሳይሆን እስከ ሰበር ለመከራከር። ስለዚህ ጀግናው አንባቢ ሆይ፣ ጠበቃውን ቢተዉት እንኳ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ዕዳና እገዳውን ያጣሩ።