ቁጠባ ከጓዳ

የቤት ወጪ ቅነሳ፣ በሐዲያና በከምባታ ከተሞች፣ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በሺንሺቾ እንደሚሠራበት፣ የአባወራን ኪስ ሳይነኩ የቤተሰብን መሶብ የማሳነስ ጥበብ ነው። ጥበቡ የሚነሣው ገበያ ሲወደድ ወይም ደመወዝ ሲዘገይ ሲሆን፣ ያለፉት ዓመታት ሁለቱንም አትረፍርፈው ሰጥተዋል። በ2016 ዓ.ም. በሐዲያ ዞን አንዳንድ ወረዳዎች መምህራን ደመወዝ ሳያዩ ወራት ገፉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። በመስከረም 2017 ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ የሚለው የኤሌክትሪክ ታሪፍ ጀመረ። ይህ ሁሉ ሲደራረብ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ወዲያው ታወቀ፤ ሽሮ ወጡ ላይ የበዛው ዘይት ነው።

ቅነሳው የሚጀምረው ወጪ የሚባለውን ከማይባለው በመለየት ነው። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የልጅ ደብተር፣ የሴት ልጅ የንጽሕና መጠበቂያ ወጪ ናቸው። አባወራው ከቢሮ ሲወጣ የሚጠጣው ማኪያቶ ግን ወጪ አይደለም፤ ሰው ማግኛ ነው። ከባልደረቦች ጋር የሚበላው ጥብስ ጉዳይ ማስጨረሻ ነው፤ የሞባይል ጥቅሉም የዓለምን ሁኔታ መከታተያ ነው። የአብዛኛው ነዋሪ እምነት ፕሮቴስታንት በሆነባቸው በእነዚህ ከተሞች መጠጥ ቤት የብዙ አባወራ ፈተና ስላልሆነ፣ ሒሳቡ ላይ አንድ ተጨማሪ ገቢ ይመዘገባል፦ ያልተጠጣው ቢራ ዋጋ። አባወራው በየወሩ ያልጠጣውን እየደመረ ለቤቱ ያበረከተው ቁጠባ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ባለቤቱም ያንን ገንዘብ ዓይታው አታውቅም።

ወጪው ከተለየ በኋላ ወደ ጓዳ ይገባል። ዘይት ቀድሞ በአምስት ሊትር ጀሪካን ይገዛ ነበር፤ በቁጠባው ዘመን ወደ አንድ ሊትር፣ ከዚያም ባለሱቁ በኩባያ ወደሚለካት ጠብታ ይወርዳል። ከሰልም ከማዳበሪያ ወደ ፌስታል ይወርዳል። በኩባያ የተገዛው ዘይት በወር ሲደመር ጀሪካኑን እንደሚያስከነዳ የሚያውቀው ባለሱቁ ብቻ ነው፤ እሱም ደንበኞቹን ማስከፋት አይወድም።

የጤፍ ዋጋ ሲያይል ደግሞ ወደ ባህል መመለስ ይታወጃል። አያቶቻችን ያለ ጤፍ ኖረዋል፣ ቆጮ እያለ ምን ጭንቀት አለ፣ ይባላል። እንሰት በእርግጥ የዚህ አገር መከታ ነው፤ ድርቅን ይችላል፣ ብዙ ሰው ይመግባል። ነገር ግን ለመድረስ አራት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል፤ ከደረሰ በኋላም መፋቁ፣ ቡላውን መጭመቁ፣ ጉድጓድ ውስጥ መቅበሩ፣ እየገለጡ ማገላበጡ የሴት ሥራ ነው። ከገጠር በአማት ጀርባ ተጭኖ የመጣ ቆጮ በበጀቱ ላይ ዜሮ ብር ተብሎ ይሰፍራል። በዚህ ሳይንስ ዋጋ የሚባለው ለባለሱቅ የሚከፈለው ብቻ ስለሆነ፣ የእናት ወገብ ከሒሳብ ውጭ ነው። የቤት ሠራተኛዋም ስትሰናበት ሥራዋ ለትልቋ ሴት ልጅ ይተላለፋል፤ የልጅቷ ጥናት ወደ ሌሊት ይተላለፋል፤ ሌሊት ላይ ደግሞ መብራት ይቆጥራልና ይጠፋል።

ይህን ሁሉ ተሸክማ የምትኖር ሴት አንድ ነገር ይቀራታል ተብሎ ይታሰባል፤ የቁጠባ ባህል። ስለዚህ አዳራሽ ይዘጋጅና፣ አበሉ የተከፈለው አሠልጣኝ ከየወሩ ገቢ ጥቂት ስለማስቀመጥ ያስተምራታል። ከፊቱ የተቀመጡት የዊጆ አባላት ናቸው። ዊጆ የሐዲያ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ቅቤ በተራ የሚሰጣጡበት ዕቁብ ነው፤ በያሆዴ፣ ማለትም በመስቀል፣ አተካና በተባለው የበዓል ምግብ ላይ የሚፈሰው ቅቤ ዓመቱን ሙሉ በማንኪያ የተጠራቀመ ነው። ወንዶቹም ለመስቀሉ በሬ ወራት ቀድመው የሚያጠራቅሙበት ቱታ አላቸው። ቤቱን ችግር ሲያንኳኳ የሁለቱ ልዩነት ይታያል። ለትምህርት ቤት ክፍያ የዊጆው ቅቤ ገበያ ይወጣል፤ ቱታው ግን አይነካም፤ ቃል ነው፣ ክብር ነው፣ ወንዶች ፊት የተገባ ነገር ነው። በከምባታ በኩልም በመሳላ፣ ማለትም በመስቀል፣ ሰሞን ስለ በሬው ክብር የተለየ አስተያየት የለም፤ በዚህ ረገድ የሁለቱ ሕዝቦች ወንድማማችነት ፍጹም ነው። ሠርግና ለቅሶም በተመሳሳይ ምክንያት ከቅነሳ ነፃ ናቸው፤ ሰው ያያላ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የተባለለት አባወራ በእነዚህ ቀናት አልጋነቱን ያሳያል።

ከሁሉም የሚልቀው ቁጠባ ግን የሚካሄደው ከቤት ርቆ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ የሐዲያና የከምባታ ወጣቶች በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ እያቋረጡ ደቡብ አፍሪካ ይገባሉ። ለመንገዱ የተሸጠው መሬትና የተበደሩት ገንዘብ በቤተሰቡ በጀት ላይ ወጪ አይባልም፤ ልጁ ራሱ ኢንቨስትመንት ነው። እሱ እዚያ ከሚሠራበት ሱቅ ጀርባ በካርቶን መካከል ይተኛል፤ የቆጠበው ደርሶ ሆሳዕና ላይ ፎቅ ይሆናል፤ የፎቁ ሳሎን ለእንግዳ ተቆልፎ እናቱ ከኋላ ባለችው የጭስ ቤት ታበስላለች። የብረት በሩ ሲገዛ ግን ቅነሳ የሚል ቃል አልተሰማም። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። የቤተሰብ በጀት ቅጽ ይህን የሚመዘግብበት ዓምድ የለውም።

የወጪ ቅነሳው ውጤት በወሩ መጨረሻ ይገመገማል። ከዘይቱ፣ ከከሰሉ፣ ከሠራተኛዋና ከመብራቱ የተረፈው ገንዘብ ሲፈለግ አይገኝም። አባወራው ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለው፤ ቁጠባ ባይኖር ኖሮ ከዚህም ይብስ ነበር። ከዚያ በኋላ የቀጣዩ ወር ዕቅድ ይወጣል፤ ዕቅዱ የሚወጣውም ማኪያቶ ላይ ነው።

በሚመጣው ወር ወጪ ለመቀነስ ያሰበ አባወራ ካለ፣ ደብተሩንና እስክሪብቶውን ለባለቤቱ ይስጥ፤ የሚሰረዘውን መስመር እሷ ትምረጥ።