አያ ዘኒትና እመት አውቶማቲክ

ተረት ተረት! «የመሠረት» ያለም «የላም በረት» ያለም ጠጋ ጠጋ ይበል። መቀመጫ ግን የለም፤ መርካቶ ነውና ቆማችሁ ስሙ።

ከዕለታት አንድ ቀን ሲኒማ ራስ አካባቢ፣ በአንዲት ፎቶ ቤት መስኮት ውስጥ፣ አያ ዘኒት የሚባል ካሜራ ይኖር ነበር። የትውልድ አገሩ ሞስኮ አጠገብ ያለችው ክራስኖጎርስክ ናት። ብረቱ ከባድ፣ ድምፁ ሻካራ ነው፤ ሲያነሳ የሱቅ ቆርቆሮ በር ወርዶ የተከረቸመ ይመስላል። ለሠርግ በተጠራ ቁጥር የተሸካሚውን አንገት ያጎብጣል። በሆዱ ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሦስቱ ሳይስማሙ አንድም ፎቶ አይወጣም።

አንደኛው ሽማግሌ ቀዳዳ ነው። ከ2 እስከ 16 በተቆጠረ ቀለበት ላይ ይኖራል፤ 2 ሲሉት በሩን በርግዶ ብርሃን ያስገባል፣ 16 ሲሉት የምስር ፍሬ አክሎ ይቀራል። ቁጥሩ ሲያድግ በሩ መጥበቡ ጀማሪን ሁሉ ግራ ያጋባል። ሹመቱ ባደገ ቁጥር በሩ የሚጠብ ሰው ደጅ ለጠና የመርካቶ ነጋዴ ግን ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ሁለተኛው ሹተር ነው፤ በሴኮንድ 30ኛ፣ ሲፈጥን በ500ኛ ዓይኑን ገልጦ የሚጨፍን ችኩል። ሦስተኛው ፊልም ነው፤ 36 እንግዳ አስተናግዶ የሚሰናበት፣ አንዴ ከገባ ግን አቋሙን የማይለውጥ ግትር።

ቀዳዳ አንድ እርከን ከከፈተ ብርሃኑ እጥፍ ሆኖ ይገባል፤ ያኔ ሹተር በእጥፍ መፍጠን አለበት፣ አለዚያ ፎቶው ይነጣል። ቀዳዳ በሰፊው ሲከፍት ከፊት ያለው ብቻ ይጠራና ከኋላ የቆመው ዘመድ ይደበዝዛል። ሹተር ከዘገየ ደግሞ ኩንታል ተሸክሞ የሚሮጠው ወዛደር ጭስ ሆኖ ያልፋል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ይከራከራሉ። «እኔ ይህን ያህል ልክፈትልህ፣ አንተ ያን ያህል ፍጠንልኝ» ይባባላሉ። አሥር እርምጃ ርቆ ጨርቅ ተራ ላይ እንደሚሰማው ክርክር፣ መጀመሪያ የተጠራው ዋጋ የመጨረሻው ሆኖ አያውቅም።

የአያ ዘኒት ግንባር ላይ የማር እንጀራ የመሰለ መስታወት አለ። ባትሪ አይበላም፤ ብርሃን ሲያርፍበት አናቱ ላይ ያለችውን መርፌ ያንቀሳቅሳታል። ይቺ መርፌ ከቀዳዳም ከሹተርም ጋር በምንም አልተያያዘችም። ትመክራለች፤ የሚፈርደው ግን ቀለበቱን የሚያዞረው ጣት ነው። የፎቶ ቤቱ ጌታ ደግሞ ምክሯን እንኳ በደንብ አይሰሙም ነበር። ፊት ከማንሳታቸው በፊት የራሳቸውን መዳፍ ብርሃኑ ላይ ዘርግተው ያያሉ፤ የሚለኩት በእሱ ነው። የሰው ፊት ከቀይ ዳማ እስከ ጠይም፣ ከጠይም እስከ ጥቁር ይለያያል፤ መዳፍ ግን የማንም ይሁን የማን የሚመልሰው ብርሃን ተቀራራቢ ነው። ይህን ማንም አላስተማራቸውም፤ ብዙ ፊልም አበላሽተው ነው የደረሱበት።

አያ ዘኒትን ግን መልአክ አድርጌ ልነግራችሁ አልፈልግም። ድሮም ፎቶ የጌቶች ነገር ነበር፤ በምኒልክ ቤተ መንግሥት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሲያነሱ ካሜራቸው ፊት የሚቀመጠው ማን እንደነበር አይጠፋንም። አያ ዘኒት የጌታ ወገን ባይሆንም የጌታ አመል ነበረው። «አትንቀሳቀሱ! አትተንፍሱ!» እያስባለ ሕፃን ያስለቅሳል። ከ36ቱ ግማሹ ይበላሽበታል፣ የተበላሸውንም ያስከፍላል። ወዛደሩማ አንድ ቀን እንኳ ፎቶ አልተነሳም፤ ሽማግሌዎቹ ተስማምተው እስኪጨርሱ የሚቆም ጊዜ ከየት ያመጣል?

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው እመት አውቶማቲክ የመጣችው።

ቀላል ናት፣ ኪስ ትገባለች፣ ስትስቅ ብልጭ ትላለች። ሦስቱ ሽማግሌዎች እሷም ሆድ ውስጥ አሉ፣ ግን አፋቸው ተለጉሟል፤ መካሪ የነበረችው መርፌ እሷ ዘንድ ሹም ሆናለች። «እናንተ ተጫኑ፣ የቀረውን ለእኔ ተዉት» አለች። ሲኒማ ራስ በር ላይ የህንድ ፊልም ሊያይ የተሰለፈው ሁሉ ከበባት። ወዛደሩ ኩንታሉን እንደተሸከመ ተነሳ። ሊስትሮው ተነሳ። የቀበሌ መታወቂያ የሚያወጣው ጉርድ ፎቶውን ቡናው ሳይቀዘቅዝ ተረከበ። እልል ተባለላት፤ ይገባታልም። አያ ዘኒት ከመስኮት ወርዶ ምናለሽ ተራ፣ ከተሰባበረ ምጣድና ከጎማ ጫማ መሀል ተጣለ።

እመት አውቶማቲክ አንድ ሕግ ብቻ ነበራት። «ዓለም ሲደባለቅ ግራጫ ነው» ትላለች። ካረፈበት ብርሃን ከመቶ 18 እጁን የሚመልስ ግራጫ፣ ልኩ ይኸው ነው። ከፊቷ ምንም ይቁም ምን፣ አማካዩ እዚያ ግራጫ ላይ እስኪያርፍ ብርሃን ትጨምራለች ወይ ትቀንሳለች። ፊልም የሚያጥበውና የሚያትመው ማሽንም ዘመዷ ስለነበር የሚፈርደው በዚያው ሕግ ነው።

መጀመሪያ አቤት ያለው ጋሽ ሸማ ነው። ቁልል ነጠላ ፊት ተነስቶ ነበር፤ ፎቶውን ሲያይ ጨርቁ ሁሉ ዝናብ እንዳዘለ ደመና ጠቁሯል፣ የራሱ ፊትማ ጨርሶ ጨልሟል። «ያልታጠበ ነጠላ ሻጭ አስመሰለችኝ!» አለ። በማግሥቱ እትዬ ከሰል መጣች። እሷ የተነሳችው ከከሰል ክምሯ ጋር ነው። «እኔንስ ምን እንደሠራችኝ እዩ! ከሰሌን አመድ አድርጋ፤ አሁን ማን ነው አመድ የሚገዛኝ?»

እመት አውቶማቲክ አልተቆጣችም። «አማካዩ ትክክል ነው» አለች፣ እውነቷን ነበር። የተማሩ ሰዎችም አገዟት። በአንዋር መስጊድ በር የቆመው ጀለቢያና በራጉኤል ደጅ የቆመው ነጠላ፣ የሀብታሙ ሱፍና የድሃው ጋቢ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ወጥተዋልና «አንድ አደረገችን» ብለው አጨበጨቡ።

እዚህ ላይ ከተረቱ ለአንድ አፍታ ልውጣ። በባሕር ማዶ፣ በኮዳክ ዘመን፣ የፎቶ ማተሚያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት በአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ ካርዱን «ሸርሊ» ይሉት ነበር። የእሷ ፊት አማረ ማለት ቀለሙ ተስተካከለ ማለት ነው፤ የጥቁር ሰው ፊት ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ ሲቀር የካርዱ ጉዳይ አልነበረም። ኋላ ግን ቡናማው አልለይ አለን ብለው የቤት ዕቃና የቸኮሌት አምራቾች አጉረመረሙ። ያን ጊዜ ተሰማ። ለሰው ፊት ሳይታዘን ለቸኮሌት ታዘነለት። ይህ ተረት አይደለም፤ ወደ ተረቱ ልመለስ።

መርካቶ ነጋዴ ነው፣ ከካሜራ ጋር ሙግት አይገጥምም። ጋሽ ሸማ ጥቂት ካሰበ በኋላ ግራጫ ነጠላ አስመጣ። ግራጫ ነጠላ በፎቶም ግራጫ ሆኖ ስለሚወጣ ደንበኛው «ይኸው፣ ቁርጥ እሱን!» እያለ ገዛ። እትዬ ከሰል ደግሞ ማለዳ ማለዳ ከሰሏ ላይ አመድ መነስነስ ጀመረች። ሠርገኞችም ነቁ፤ ሙሽራዋ ደብዘዝ ያለ ቀሚስ፣ ሙሽራው የነተበ ሱፍ እየተከራዩ መጡ። ካሜራዋ ሰውን መምሰሏ ቀርቶ ሰው ካሜራዋን መምሰል ያዘ፤ የሚገርመው ማንም አላዘዘም። አዋጅ ቢሆንማ ቢያንስ የሚያጉረመርም አይጠፋም ነበር።

ከዓመታት በኋላ አንዲት ልጅ፣ የእትዬ ከሰል የልጅ ልጅ፣ የድሮ የጥምቀት ፎቶ አገኘች። ጥር 11፣ ጃንሜዳ ነው፤ ሕዝቡ ጥግ እስከ ጥግ ነጠላ ለብሷል። ሰማዩ አመድ፣ ልብሱ አመድ።

«እማማ፣ ያን ቀን ዘንቦ ነበር?»

እትዬ ከሰል ፎቶውን አየች። የዚያን ቀን ፀሐይ አናቷን እንደበሳት ታስታውስ ነበር። ፎቶውን ደግማ አየች።

«አዎ ልጄ» አለች፣ «ሳይዘንብ አይቀርም።»

ጋሽ ሸማም ሲጠየቅ ካፊያ እንደነበር አስታወሰ። ሌላው ጃንጥላ ይዞ እንደነበር ማለ። ልጅቱ ግን ከሰል ቤት ያደገች ናትና አመድ የተነሰነሰበትን ነገር ሁሉ እፍ ማለት ልማዷ ነው። ፎቶውን እፍ አለችው። አልጠራም። ተነስታ ምናለሽ ተራ ወረደች።

አያ ዘኒት ዝገት አበጅቶ፣ ከአንድ የተሰበረ ሬዲዮ ሥር ተኝቶ ነበር። አነሳችውና አናቱን አየች፤ መርፌዋ አትንቀሳቀስም። የዚያ የማር እንጀራ መስታወት ጉልበት በዕድሜ ብዛት ያልቃል።

«አያ ዘኒት፣ ስንት ላይ ልክፈት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ በሻካራ ድምፁ። «መካሪዬ ሞታለች። እስቲ መዳፍሽን አሳይኝ።»

መዳፏን ዘረጋች። ከሰል በከሰል ነበር። መጀመሪያ ታጠቢ አላት።

ታጥባና ፊልም አስገብታ ሲኒማ ራስ ስትደርስ «ፎቶው ዋሽቷል» የሚለው ወሬ ቀድሟት ሕዝቡ ተሰብስቧል። እመት አውቶማቲክንም ሸንጎ ፊት አቁመዋታል፤ በየመንደሩ ሲያሞግሷት የነበሩት ናቸው ዛሬ ደግሞ «ቀጣፊ!» የሚሏት። የእኛ ሰው እልልታውም ድንጋዩም አንድ ኪስ ውስጥ ነው።

«አልቀጠፍኩም» አለች። «የሠሩኝ ሰዎች ነጠላ አይተው አያውቁም፤ ገምቺ አሉኝ፣ ገመትኩ። ግምቴ ሲስት እንድታርሙኝ ደግሞ ከአንገቴ ሥር የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ቁልፍ ሰጥተውኛል። ይኼን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው አልነካትም።»

ሁሉም ጎንበስ ብሎ አየ። ቁልፏ ከፋብሪካ እንደወጣች ታበራለች።

«እንዴት ነው የምትነካው?» አለ ጋሽ ሸማ።

«ነጭ ነገር ሲበዛ ጨምሩ፣ ጥቁር ሲበዛ ቀንሱ።»

ጉርምርምታ ተነሳ። «ለበራው ጨምር፣ ከጨለመው ቀንስ? ይቺማ የምናውቃት ናት!» አለ አንድ ወዛደር። ነገሩ ሲሰሙት ግፍ ይመስላል፤ የሙያው እውነት ግን ይኸው ነው፣ ነጩ ነጭ ሆኖ ከሰሉም ከሰል ሆኖ የሚወጣው እንደዚያ ሲሆን ብቻ ነው።

ጋሽ ሸማ ነጩን ነጠላውን ከሣጥን ሥር ጎትቶ አወጣና ፊት ለፊት ቆመ። «ጨምሩ!» አለ። እትዬ ከሰል አመዱን አራግፋ ክምሯን አጠገቡ አመጣች። «ቀንሱ!» አለች። ሁለቱ የቆሙት አንድ ፎቶ ውስጥ ነው። እመት አውቶማቲክ አንዴ ወደሱ አንዴ ወደሷ አይታ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሕዝቡም ለሁለት ተከፍሎ ይጯጯህ ጀመር። ድሮ ይህ ጭቅጭቅ በአያ ዘኒት ሆድ ውስጥ ነበር የሚያልቀው፤ አሁን አደባባይ ወጣ።

ልጅቱ አያ ዘኒትን ወደ ዓይኗ አነሳች። «ጋሼ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ጥላው። እማማ፣ አንቺ ወደ ፀሐይ።» አልሰሟትም። ደግማ ጮኸች። «ሲኒማ ራስ! ሲኒማ ራስ!» እያሉ የሚጣሩት የታክሲ ረዳቶች ድምፅ ዋጣት።

ፀሐይ ከቆርቆሮው ጣሪያ ኋላ እየወረደች፣ ጥላው እግራቸው ላይ ደረሰ። ልጅቱ መዳፏን ዘርግታ አየች፤ ቀለበቱን ከ8 ወደ 4 አዞረች። ጋሽ ሸማና እትዬ ከሰል ይከራከራሉ። እንደገና መዳፏን አየች፣ ወደ 2 አዞረች። ከዚህ በላይ የሚከፈት የለም።

«አትተንፍሱ!» አለች።