ሲኖትራኩ ታጠበ፣ ጥርሱ ቀረ

«ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» አልክ? በል ድገማት፤ ከኋላ የቆሙት አልሰሙም። ፊት ለፊት የቆሙት ግን ይቅርባቸው፤ እነሱ ከመስማታቸው በፊት ሸቷቸዋል።

እናንተ የቃሊቲ መናኸሪያ ተሰላፊዎች፣ ታክሲው እስኪመጣ ፍረዱኝ። ይህ ሰው ሲኖትራክ ነጂ ነው። መኪናውን በየሳምንቱ ላቫጆ ያስገባል። ጎማውን በጎማ ያስመታል። «ጭቃ ከተቀመጠ ብረት ይበላል» ብሎ ለረዳቱ ትምህርት ይሰጣል። የራሱ ጥርስ ግን ውሃ የሚያገኘው በክረምት ነው፤ አፉን ከፍቶ ሲያወራ ይዘንብበታል። «በሹፍርና ጥርሴን ነቅያለሁ» ሲላችሁ አትጠራጠሩት። ሁለቱ ወርደዋል፤ ሦስተኛው «ወራጅ አለ» እያለ ነው።

አሁን ማን እንደሚያነቃንቅህ ላሳይህ። በልተህ ጠጥተህ ጥርስህ ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ነገር ፕላክ ይባላል። ያን ዕለት በብሩሽ ብትለው ይነሳል። አንተ ግን ለነገ አልከው፤ ነገ ደግሞ ለከነገ ወዲያ። የገዛ ምራቅህ ካልሲየምና ፎስፌት እያቀበለ በቀናት ውስጥ ድንጋይ አደረገልህ። ታርታር ማለት እሱ ነው። ማታ ተሠርቶ ጠዋት «ባለይዞታ ነኝ» የሚለውን የጨረቃ ቤት የአቃቂ ልጅ ሆነህ ካላወቅኸው ማን ሊያውቀው ነው? ያኛውን እንኳ ደንብ ማስከበር ይደርስበታል። ያንተው ፎቅ ጨምሮ፣ ከድድ በታች ምድር ቤት ቆፍሮ፣ ጥርሱን የያዘውን አጥንት መብላት ጀምሯል። አንዴ የተበላ አጥንት ደግሞ እንዲሁ ተመልሶ አይበቅልም። ድዱ ብቻ ሲቆጣ ብትደርስ ኖሮ ይመለስልህ ነበር። ሐኪሙ ታርታሩን ሲያነሳው ታዲያ «ኧረ ጥርሴን አነቃነቀው!» ብለህ ጮህክ። ሌባው ዓመት ሙሉ ቤትህ ሲያድር ዝም ብለህ፣ የያዘውን ፖሊስ ከሰስከው።

«ክፍተትም ፈጠረብኝ» ትላለህ። ክፍተቱ የአንተው ነው፤ የሞላው ድንጋይ ነበር። ደግሞስ ሀገር ምድሩ ለፍንጭት ሲዘፍን የኖረ ሕዝብ አይደለንም? ሌላው በተፈጥሮ ተመርቆ የሚያገኘውን አንተ ጭራሽ ታለቅስበታለህ።

«ጥርስ ያሳሳል!» አመጣት ደግሞ፤ እየጠበቅኳት ነበር። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ከሰው ገላ ሁሉ ጠንካራው ነው። የማጠቢያው ማሽን ጫፍ በሴኮንድ ከ25,000 ጊዜ በላይ እየተንቀጠቀጠ፣ ውሃ እየረጨ፣ ድንጋዩን ይሰባብራል። ሥራው ከድንጋዩ ጋር ነው። አንተ ቅዳሜ ማታ የቢራ ቆርኪ በጥርስህ ስትፈነቅል «ይሳሳብኛል» ብለህ ታውቃለህ? ለቢራ ሲሆን መክፈቻ፣ ለሐኪም ሲሆን ሸክላ!

ከታጠበ በኋላ ቀዝቃዛ ነገር ይሰማሃል፤ ይህቺን አልክድህም። ተሸፍኖ የኖረ ሥር ድንገት አየር ሲነካው ለጥቂት ቀናት ይደነግጣል። ይደንግጥ። አንተ አፍ ውስጥ ኖሮ እስካሁን አለመደንገጡ ነው የሚገርመው።

«አያቶቻችን በመፋቂያ ኖረዋል።» መፋቂያን እንዳትነካብኝ! የወይራ መፋቂያ ክብር አለው፤ በወጉ የፋቀበት ሰው ፕላኩን ያነሳበታል። ድንጋይ ከሆነ በኋላ ግን እንኳን መፋቂያው ወይራው ከነግንዱ ቢመጣ አይነቅለውም። አንተ ደግሞ መቼ ፋቅክ? መፋቂያዋን ከንፈርህ ላይ ሰክተህ ከአቃቂ ሞጆ ትነዳለህ። እሷም ተሳፋሪ ሆና ትሄዳለች፣ ተሳፋሪ ሆና ትመለሳለች። አያትህም ቢሆኑ ጫት በለስላሳ አላወራረዱም። በስተርጅናቸው ምን ይወዱ እንደነበር እናትህን ጠይቃት፤ «ገንፎ» ትልሃለች። ወደው መሰለህ?

«በሎሚ አሸዋለሁ።» ሎሚ ለጥምቀት ነው የኔ ጌታ፤ የሚወረወረውም ለቆንጆ ነው። አሲዱ ታርታሩን ትቶ የጥርስህን ሽፋን ይበላል። እንግዲህ አየህ? ያሳሳል ብለህ ሐኪም የሸሸኸውን በራስህ እጅ ስታሳሳው ተገኘህ። «እንግዲያው በከሰል» እንዳትለኝ። ከሰሉ ላይ ቡና አፍላ።

«ብሩሽ ሲነካኝ ድዴ ስለሚደማ ተውኩት።» ይህቺን ስሙልኝ! የሚደማው እኮ ስለተውከው ነው። ጤነኛ ድድ በብሩሽ አይደማም። ጭነት እስኪገኝ ድድ ማስጫው ላይ ቁጭ ብለህ ስትውል፣ ያ ሁሉ ፀሐይ ያየው ድድህን አንድ ሐኪም አላየውም። ስኳር ካለብህ ደግሞ ቀልድ የለም፤ የታመመ ድድ ስኳሩን ያስቸግራል፣ ስኳሩም ድዱን ይብሱን ያቆጣዋል።

ጊዜ የለኝም? ቃሊቲ ጉምሩክ በር ላይ ለፍተሻ ተሰልፈህ የምታድር ሰው፣ ለአፍህ ፍተሻ አንዲት ሰዓት አጣህ። ለነገሩ አልፈርድብህም፤ ቢፈትሹህ ስንት ያልተቀረጠ ዕቃ ይያዝብሃል! የፋሲካው ዶሮ መንጋጋህ መሃል እንደተቀመጠ የሰኔ ጾም ገብቶብሃል። ይህ ሰው ሳያውቀው የሐዋርያትን ጾም ሽሯል። ንስሐ አባቱ የት አሉ?

ብር የለኝም ማለትህንም ሰምቻለሁ። በዚህ ዘመን ብር ራሱ ይታጠባል፤ ያንተ ጥርስ ከብር በምን በለጠ? ደግሞ ለወርቅ ጥርስ ሲሆን ከየት መጣ? ጥሩነሽ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ 5,000ም 10,000ም ሮጣ ሁለት ወርቅ አመጣች፤ ስሟ ከነቤጂንጉ እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ሆስፒታል ላይ ተጻፈ። አንተ ከወንበር ሳትነሳ አንድ ወርቅ አጥልቀህ ከእሷ በላይ ፎከርክ። በል ንቃ፤ ከወርቁ ሥር ድድህ እየሸሸ ነው። ከናንተ ቤት የሚሮጥ እሱ ብቻ ነው።

ካላመንከኝ ምላስህን ከታች የፊት ጥርሶችህ ጀርባ ስደዳት። ሻካራ ነገር አገኘህ? ምራቅ የሚፈልቀው እዚያው ስለሆነ ግንባታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። (እናንተም ተሰላፊዎች ሞከራችሁ አይደል? አገጫችሁ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።) ሰው ቃሊቲ ሲባል ትዝ የሚለው እስር ቤት ነው። ስማችንን ለማደስ ስንለፋ አንተ ጥርሶችህን በድንጋይ አጥረህ ያለ ዋስትና አሰርካቸው። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ያንተው ግን ባዳ ተከራይ ሰብስቦ ራሱ ሊወጣ ነው።

ቆይ፣ አንተ ወንድሜ፤ ቡኒ ጥርስህን በእጅህ ከልለህ የምትስቀው። አንተን አልነካሁም። ወንጂ ወይም መተሃራ ነው ያደግኸው አይደል? ያንተ ከቆሻሻ አይደለም፤ ከውሃ ነው። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ገደብ፣ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም፣ ያልፋል። ጉዳቱም የሚጀምረው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው። ማሳጠብ ታርታርህን ያነሳልሃል እንጂ ያንን ቀለም አያስለቅቅም፤ «በእጥበት አስለቅቅልሃለሁ» ያለህ ካለ ኪስህን ያዝ። እጅህን አውርድና ሳቅ። መከለል የነበረበት ይሄኛው ነው።

ወዳንተ ልመለስ፤ ታክሲው አልመጣም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1683 ሊቨንሁክ የሚባል የሆላንድ ጨርቅ ነጋዴ ከጥርሱ መሃል የፋቀውን ነጭ ነገር ራሱ በሠራው አጉሊ መነጽር ቢያየው፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ሲዋኙበት አገኘ። ልብ በሉ፤ ሰውየው በየቀኑ ጥርሱን በጨው የሚያሽ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ጥርሱን በሕይወቱ አጽድቶ የማያውቅ ሽማግሌ ፈልጎ የእሱንም አየ፤ የሽማግሌውማ ጉድ ነው፣ ይርመሰመሳል። አንተን አግኝቶህ ቢሆን መነጽሩን ባልፈለገው።

«እንግዲያው እስክሞት አላሳጥብም» ማለትህ ነው? የዘመኑ ተመራማሪዎች ከጥንት አፅም ጥርስ ላይ ታርታር እየፋቁ፣ ሰውየው ምን ይበላ እንደነበር፣ አፉ ውስጥ የትኛው ባክቴሪያ ይኖር እንደነበር ያነባሉ። ከሺህ ዓመት በኋላ አቃቂን ሲቆፍሩ አንተን ያገኙሃል። ሽሮውን ያነባሉ፣ ጫቱን ያነባሉ፣ በዱቤ በልተህ የካድከው ክትፎም ይወጣል። መታጠብህማ አይቀርም። ያኔ ማደንዘዣ አያስፈልግህም እንጂ።