ጓዳው ሞልቶ «የለም»

እኛ «የለም» መባል ብርቃችን አይደለም። መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ ኃላፊው የሉም፤ ሰምተን «እሺ፣ ነገ እንመለሳለን» ብለን እንሄዳለን። ኮምፒውተር ሲለን ግን የአንገታችን ደም ሥር ይገተራል። እውነታችንን ነው! ጓዳው ያለውን ዕቃ ነው ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚክደን።

የሰሜን ሸዋዋን ሰላ ድንጋይን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ ነበረች፤ ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍም በ1842 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያለ ምንም ጂፒኤስ አግኝቷት አልፏል። ዛሬ እዚያው መሐል ከተማ ጋቢ ተከናንቦ ካርታ የሚሠራ ወጣት ወዳጅ አለኝ። የሞጃና ወደራ ወረዳን የቀበሌ ወሰኖች በፓይተን ሊያነብ ሲነሳ ስክሪኑ «ኖ ሞጁል ኔምድ ጂኦፓንዳስ» ይለዋል፤ የካርታ ሞጁሉ የለም ማለቱ ነው። ሊጭነው ሲሞክር «ኦልሬዲ ሳቲስፋይድ» ይላል፤ ድሮም አለህ ማለቱ ነው። ፕሮግራሙን መልሶ ሲያስነሳው፣ የለም።

«ጋሼ፣ አለ ይለኛል፤ ደግሞ የለም ይለኛል» አለኝ፣ እንባ እየተናነቀው።

ቡና የሚያፈሉልን የቤቱ እመቤት ቀና አሉ።

«ምናችሁ ነው የጠፋው?»

«ሞጁል ነው፣ እማማ።»

«ሌላ ቤት አስቀምጣችሁ እዚህ እየፈለጋችሁ እንዳይሆን!»

ምርመራው በዚሁ አለቀ። ላፕቶፑ ላይ ፓይተን አንድ ብቻ አልነበረም፤ አንዱ ከኪውጂአይኤስ ጋር ገብቷል፣ ሌላው ከአናኮንዳ ጋር፣ ሌላው ለብቻው። ጫኚው ፒፕ ዕቃውን ለአንዱ ያስረክባል፤ ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ሌላው ነው። መድኃኒቱ ፒፕን ለብቻው አለመጥራት ነው። «ፓይተን፣ ሰረዝ ኤም፣ ፒፕ ኢንስቶል» ሲባል ዕቃው የሚገባው የተጠራው ፓይተን ዘንድ ነው። የትኛው ፓይተን ሥራ ላይ እንዳለ ማወቅ የፈለገ «ሲስ ዶት ኤግዚኪዩተብል»ን ያስጽፍ፤ አድራሻውን ሳይደብቅ ይነግረዋል።

ጂኦፓንዳስ ተገኘ ብለን ቡናችንን ሳንጨርስ «ኦስጂኦ የለም» መጣ። ይኸኛው የጂዳል ጉዳይ ነው። ጂዳልን ፍራንክ ዋርመርዳም በ1998 የጀመረው በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ቤተ መጻሕፍት አድርጎ ነው፤ ፓይተን የሚያገኘው ኦስጂኦ በተባለ አስተርጓሚ በኩል ነው። ፒፕ የሚያመጣው አስተርጓሚውን ብቻ ስለሆነ፣ ዋናው ጂዳል ያውም በተመሳሳይ የዕትም ቁጥር ቀድሞ ካልተጫነ «ጂዳል ኮንፊግ አልተገኘም» ብሎ ይቀመጣል። የሚያስቀው ደግሞ ጂኦፓንዳስ ፋይል የሚያነብበት ፓይኦግሪዮ በፒፕ ሲመጣ የራሱን ጂዳል በጉያው ይዞ መምጣቱ ነው። ጂዳል አለ፤ ኦስጂኦ ግን የለም! ከዚህ ጣጣ የሚያወጣው የኮንዳ ማከማቻ የሆነው ኮንዳ-ፎርጅ ነው፤ ሁሉን አስማምቶ፣ ሠርቶ ጨርሶ ያቀብላል።

ሦስተኛው ጠብ የካርታን ልኬት ወደ ሌላ ልኬት ከሚቀይረው ከፕሮጅ ጋር ሆነ፤ «ፕሮጅ ዲቢ» የተባለውን መዝገብ አጣሁ አለ። ይህ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። የቆዩት የሀገራችን ካርታዎች ልኬታቸው አዲንዳን ከተባለ ነጥብ ይነሳል፤ ሰሜን ሸዋ የሚያርፍበት የዚህ ልኬት ቀጠናም መዝገቡ ላይ 20137 ተብሎ ተቆጥሯል። አዲንዳኑን ሳይቀይሩ በጂፒኤሱ ልኬት ላይ ቢያነጥፉት ሁሉም ነገር ከመቶ ሜትር በላይ ፈቀቅ ይላል። በሰላ ድንጋይ አቀማመጥ ደግሞ መቶ ሜትር ፈቀቅ ያለ ማሳ ገደል ሊገባ ይችላል፤ ጎረቤት ማሳ ከገባም ገደሉ በስንት ጣዕሙ! የፕሮጅ ነገርም ያው ነበር፦ መዝገቡ አለ፣ ሌላ ፕሮግራም መንገዱን አስቶታል።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ካርታ ለመሥራት ከተነሳህ ለየሥራው የተለየ የፓይተን አካባቢ ክፈት፣ ፒፕና ኮንዳን አንድ ላይ አታማታ፣ የለም ስትባልም ደግመህ ከመጫንህ በፊት ማን እንደሚጠይቅና የት እንደሚፈልግ አጣራ። ከሁሉም በላይ የራስህን ፋይል «ጂኦፓንዳስ» ብለህ አትሰይም፤ ፓይተን ቀድሞ የሚያየው አጠገቡ ያለውን ነው፣ ያንተን ፋይል አንስቶ ይገረምበታል።