ማራቶን ለማሟሟቂያ

ዱባይ ሄዶ ማራቶን ሮጦ የመጣ ሰው ዛሬ ዛሬ ማንንም አያስደንቅም። 42 ኪሎ ሜትር? የጎረቤት ልጅ ሮጦታል፣ የክፍል ኃላፊው ሮጦታል፣ የልጆቹ የሒሳብ አስጠኚ ሳይቀር ሮጦታል። ጀግንነት እንዲህ ከረከሰ ሌላ መለኪያ ግድ ነውና ወዳጆቻችን አገኙት፤ ከማራቶኑ በተመለሱ በሁለተኛው ሳምንት እንጦጦ ላይ የዳገት ሩጫ መግባት። በጥር ከባሕሩ ዳር ዝርግ አስፋልት ላይ፣ በየካቲት ከ3,000 ሜትር በላይ። ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስ አይለቅም።

እኔ በበኩሌ ከጀግኖቹ ወገን ነኝ። ደግሞስ የሚነቅፏቸው እነማን ናቸው? አንደኞቹ ስመ ጥር አትሌቶቻችን ናቸው። እነዚህ ሰዎች በዓመት ሁለት ማራቶን ከሮጡ ይበቃናል ይላሉ። ከውድድር በኋላ ሳምንታት ያርፋሉ። ሲመለሱም እዚያው እንጦጦ ጫካ ውስጥ ተከታትለው፣ በባሕር ዛፉ መካከል እየተጠማዘዙ፣ ለወሬ በሚመች እርምጃ ሶምሶማ ይላሉ። እንጀራቸው እግራቸው ላይ ስለሆነ ይሳሱለታል፤ አይፈረድባቸውም። የእኛ ሰው ግን ከኪሱ ከፍሎ የሚሮጥ ነው። ከፍሎ የሚሮጥ ሰው ለማረፍ ጊዜ ከየት ያመጣል?

ሌላው ነቃፊ ኒውዚላንዳዊው ጃክ ፎስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች፣ በ41 ዓመቱ፣ ማራቶኑን በ2:11:18 ጨርሶ የብር ሜዳሊያ የወሰደ ሰው ነው። ለተወዳደራችሁበት ለእያንዳንዱ ማይል አንድ ቀን ስጡ ይል ነበር፤ ለማራቶን 26 ቀን ማለት ነው። ፈሪ! በ26 ቀን ውስጥ ስንት ውድድር እንደሚያልፍ፣ ስንት ፎቶ ሳይነሡ እንደሚቀር ቢያውቅ ኖሮ እንዲህ ባላለ።

ጡንቻም ከነቃፊዎቹ ጋር ያብራል። ከማራቶን በኋላ ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታይ መሰንጠቅ አለ፤ ከተጎዳው ጡንቻ ወደ ደም የሚፈስሰው ክሬያቲን ካይኔዝ የሚባለው ኢንዛይምም ለቀናት ከልኩ በላይ ሆኖ ይቆያል። ሕመሙ በአራት በአምስት ቀን ሲጠፋ ወዳጃችን «ዳንኩ» ይላል። ጥገናው ግን ገና አላለቀም። በዚህ ላይ ዳገቱ ባቱንና የተረከዙን ጅማት ይጎትታል። ያም ሆኖ ሁሉም ዳገቱን እያማ ቁልቁለቱን ይረሳዋል፤ ሲወርዱ የፊት ጭን እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛልና ይበልጥ የሚቀድደው እሱ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

ባለፈው አንዱን ሽሮ ሜዳ ታክሲ ውስጥ አየሁት። የማራቶን ቲሸርቱን ለብሷል። «ወራጅ» አለና ሁለት እጁን በሩ ላይ ጭኖ፣ በጎኑ ዞሮ፣ አንድ እግሩን ወደ መሬት ልኮ ሌላውን መለመን ጀመረ። ረዳቱ ክንዱን ደግፎ «አይዞዎት አባባ፣ ቀስ ይበሉ» አለው። ቢበዛ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። ከኋላ የነበሩ አንዲት እናት ከንፈራቸውን መጠጡለት። እሱ ግን መሬት እንደነካ ሰዓቱን አየ። ስንት ብር ያወጣበት ሰዓት ነው፤ የልቡን ምት፣ እርምጃውን፣ እንቅልፉን ሲነግረው እንደ ንስሐ አባቱ ያምነዋል። «እረፍ» ሲለው ብቻ ነው ቴክኖሎጂ ይሳሳታል የሚለው።

ሲከራከሩት የሚመዘው የመጨረሻ ሰይፍ አበበ ቢቂላ ነው። «ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን አሸንፎ እዚያው ሜዳው ላይ ሰውነት ማፍታቻ ሠርቷል እኮ!» እውነት ነው፣ ሠርቷል። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣም ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። እንግዲህ አርአያነቱን ከነሙሉ ዝግጅቱ እንከተል ካልን ወዳጃችን ከመመዝገቡ በፊት ሆስፒታል ጎራ ማለት ይኖርበታል። ማሞ ወልዴንም ይጠራል፤ ሜክሲኮ ላይ በ10,000 ሜትር ብር ወስዶ በሳምንቱ ማራቶኑን በወርቅ ደምድሟል። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፦ ማራቶኑ መጨረሻ ነበር። ደግሞም ማሞ ማሞ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ወንበር ላይ አይውልም ነበር።

በነገራችን ላይ ያንኑ የእንጦጦ ቁልቁለት የማገዶ እንጨት በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ሯጮቹ በአጠገባቸው ሲያልፉ «አይዟችሁ ልጆቼ» ይላሉ። ምን ሆነው እንደሚሮጡ ግን እስካሁን አልገባቸውም።

ከውድድሩ በኋላ ወዳጃችንን የፈለገ ወጌሻ ቤት ያገኘዋል። ሜዳሊያው አንገቱ ላይ፣ ተረከዙ በወጌሻው እጅ ውስጥ። ያበጠውን ጅማት በቅባት እያሹት «ለአንድ ወር ሩጫ የሚባል እንዳታስብ» አሉት። አንገቱን ነቀነቀ፤ የሰማም መሰለ። ከዚያ ቀና ብሎ ጠየቃቸው፦ «ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራል?»