ራኬት እንኳ ሰላም የሚል ጠፋ

በእኛ ጊዜ ልጅ ራኬት ሲይዝ መጀመሪያ ሰላም ይለው ነበር። ቀልዴን አይደለም። የሚያስተምረን ሰው ራኬቱን በጠርዙ አቁሞ፣ አንገቱን በግራ እጁ ይዞ «በል ጨብጠው» ይላል። እንደ ትልቅ ሰው እጅ ትጨብጠዋለህ። መዳፍህና የራኬቱ ፊት ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ፤ በቃ። ኢስተርን የሚባለው አያያዝ ይኸው ነው። የዛሬ ልጆች ግን ከማን ጋር ሰላም ሲባባሉ አየን? ራኬቱን መሬት ላይ ያጋድሙትና ከላይ ወርደው ላፍ ያደርጉታል። እነሱ ዌስተርን ይሉታል፤ እኔ ንጥቂያ እለዋለሁ።

የልጅ ልጄ ከነዚህ ነጣቂዎች አንዱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቴኒስ ይማራል። ከልምምድ ሲመለስ ሾላ ገበያ፣ ከቅቤ ተራው አጠገብ፣ እኔ ቡና ከምጠጣበት ይመጣና «አባባ፣ ዛሬ ፎርሃንዴ ገባልኝ» ይለኛል። እስቲ አያያዝህን አሳየኝ እለዋለሁ። ያሳየኛል። ቡናው ይመረኛል።

ጓደኞቼ ይስቁብኛል። እነሱ ስለ ቅቤ ዋጋ፣ ሙዝ ተቀላቅሎበታል አልተቀላቀለበትም እያሉ ሲነታረኩ፣ እኔ ስለ እጅ አያያዝ አማርራለሁ። ምን ላድርግ? በልጅነቴ በአንድ ግቢ ውስጥ ኳስ አቀባይ ነበርኩ። ተመልካቹ ኳሷን ተከትሎ አንገቱን ሲያዞር ኳስ አቀባይ የሚያየው እጅ ነው፤ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነዋ። በዚህ አገር ግን እጅ የሚያይ የለም። የሯጭ አገር ነን፤ ዓይናችን እግር ላይ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡን የማያውቅ ሕፃን የለም። ከመኪና አደጋው በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1970 እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ላይ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ መወዳደሩን ስንቱ ያነሣል? እግሩ ሲከዳው እጁን አሠራ። ይህንን ባነሣሁ ቁጥር «ጋሼ፣ ቡናዎ ቀዘቀዘ» ይሉኛል።

ባለፈው ብስጭቴ በዛና ልጁን ይዤ ማማሰያና ዘነዘና ወደሚሸጡት ሄድኩ። አንድ ጠፍጣፋ አፍ ያለው ረጅም ማማሰያ አነሣሁ። ያዘው፣ ዓይንህን ጨፍን፣ አሁን ጠፍጣፋው ወዴት ያያል? አልኩት። ወደ ግራ አለኝ። ማማሰያው ወደ መሬት ነበር የሚያየው። እጀታው ድቡልቡል ነዋ! ድቡልቡል እንጨት ለእጅ ምንም አይነግረውም። የራኬት እጀታ ስምንት ጎን የሆነው ለዚህ ነው፤ ኳሷ እየመጣች እጅህን ጎንበስ ብለህ አታይም፤ ጣትህ ጎኖቹን ዳብሶ ፊቱ የት እንዳለ ያውቃል። ባለ ማማሰያዋ ሴትዮ ሁለታችንን ስትመለከት ቆይታ «አባባ፣ ይገዛሉ ወይስ ይጫወታሉ?» አለችኝ። ገዛሁ። ቤት ሦስት ማማሰያ አለ፤ አራተኛ ሆነ። ባለቤቴ ምን እንዳለችኝ ሆድ ይፍጀው።

እስቲ ለእናንተም ላስረዳ። ራኬቱን በጠርዙ አቁሙትና ከላይ ያለውን ጎን አንድ በሉት፤ ቀኝ እጅ ለሆነ ሰው ወደ ቀኝ እየዞራችሁ ቁጠሩ። ወሳኙ የሌባ ጣታችሁ ሥር ያለችው አንጓ የምታርፍበት ጎን ነው። ሁለተኛው ላይ ስታርፍ ኮንቲኔንታል ነው፤ ሦስተኛው ላይ የእኔ ጨዋ፣ ኢስተርን፤ አራተኛው ላይ ሰሚ ዌስተርን፤ አምስተኛው ላይ፣ ማለትም ከታች፣ ንጥቂያው። ከጎን ወደ ጎን 45 ዲግሪ ነው። አንጓችሁ አንድ ጎን በወረደች ቁጥር የራኬቱ ፊት ወደ መሬት ይደፋል። የተደፋው ፊት ኳሷን ቀጥ ብሎ እንዲገጥማት ከተፈለገ ከሰውነት ፈቀቅ ብሎ ወደ ፊት፣ ከፍም ብሎ መምታት ግድ ነው። ስለዚህ ኮንቲኔንታል የያዘ ሰው ዝቅ ያለችና የዘገየች ኳስ አትከብደውም፤ ኢስተርን የያዘ ወገቡ ላይ ሲያገኛት ደስ ይለዋል፤ ዌስተርን የያዘ ደግሞ ትከሻው ላይ ካልመጣችለት ይቸገራል። አንጓ አንድ ጎን ስትንሸራተት ሰውዬው የሚቆምበት ቦታ፣ ጉልበቱን የሚያጥፍበት ልክ፣ ክንዱን የሚጨርስበት ቦታ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። እንግዲህ ይህን ልጅ «እጅህን አስተካክል» ስለው የሚቆጣኝ እናቱ ናት። ምን አጠፋሁ?

የድሮዎቹማ ከእኔም ይብሱ ነበር። ሮድ ሌቨር እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1969 አራቱንም ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት ጠራርጎ የወሰደው በኮንቲኔንታል ነው። ጆን ማኬንሮ ፎርሃንዱንም ባክሃንዱንም ሰርቩንም እጁን ከአንድ ቦታ ሳያነቃንቅ ይመታ ነበር። እስከ 1974 ድረስ ከአራቱ ውድድሮች ሦስቱ ሣር ላይ ነበሩ፤ ሣር ላይ ኳስ ተንሸራታ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ትመጣለች፤ ከሥር የሚነጥቃት ሰው ሣሩን ነበር የሚላጨው።

ከዚያ ያ ረጅም ፀጉር ያለው ስዊድናዊ መጣ። ነገሩን ያበላሸብኝ ቢዮርን ቦርግ ነው፣ እስከ ዛሬም አልታረቅኩትም። በእንጨት ራኬት፣ መዳፉን ወደ ሥር አዙሮ፣ ኳሷን ከታች ወደ ላይ እየፋቀ፣ ከ1976 እስከ 1980 ዊምብልደንን አምስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። ሣር ላይ! ሮላንድ ጋሮስንም ስድስት ጊዜ። ከሱ በኋላ ዓለም ወደ ሥር መንሸራተት ጀመረ። አልቤርቶ ቤራሳቴጊ የሚባል ስፔናዊማ ከዌስተርንም አልፎ እጁን ስላዞረ ፎርሃንድና ባክሃንዱን በራኬቱ አንድ ፊት ነበር የሚመታው። እንዲያም ሆኖ በ1994 ሮላንድ ጋሮስ ለፍጻሜ ደረሰ። ይህንን ለልጁ አልነገርኩትም፤ ሐሳብ እንዳይሰጠው።

ለልጁ የምነግረው ስለ ዴል ፖትሮ ነው። አርጀንቲናዊው ወደ ኢስተርን በሚጠጋ አያያዝ፣ በቀጥታና ጠፍጣፋ ፎርሃንድ፣ በ2009 አሜሪካ ላይ ናዳልን በግማሽ ፍጻሜ፣ ፌደረርን በፍጻሜ አሸነፈ። ፌደረርም ራሱ እጁ ለኢስተርን የቀረበ ነው፤ ከጨዋዎቹ የቀረን እሱ ነበር፣ እሱም ጡረታ ወጣ። ይህንን ስነግረው ልጁ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና «አባባ፣ ዴል ፖትሮ እኮ 1 ሜትር ከ98 ነው» አለኝ። ለእሱ ወገብ የሆነው ለእኔ ራስ ነው ማለቱ ነው። ትልቅ ሰው ፊት ስልክ አውጥቶ ቁጥር መጥቀስ ነውር መሆኑን ነገርኩት። ሌላ የምመልሰው አልነበረኝም።

ይባስ ብሎ ቢል ጆንስተንን አመጣብኝ። ቁመቱ አጭር፣ የካሊፎርኒያ ልጅ፣ በሲሚንቶ ሜዳ ያደገ። ሲሚንቶ ላይ ኳሷ ከፍ ብላ ስለምትነጥር እጁን ወደ ሥር አወረደ። በ1915 እና በ1919 የአሜሪካ ሻምፒዮን፣ በ1923 የዊምብልደን። እኔ ከመወለዴም በፊት ንጥቂያ ነበር ማለት ነው። ልጆች ሳይነገራቸው እጃቸው እየተንሸራተተ ወደ ሥር የሚሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አጭር ናቸው፣ ኳሷ ትከሻቸው ላይ ትወጣለች።

እዚህ ላይ የልጁ አሰልጣኝና የእኔ ጠብ ይመጣል፤ ጠቡ በአዲስ አበባ አየር ምክንያት ነው። ሾላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከኋላችን እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። የዓለም ቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚጫወቱ ሰዎች ለብቻው የተሠራ ኳስ በደንቡ ፈቅዷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለባሕር ዳርቻ ተብሎ የተነፋ ኳስ እዚህ ሲመጣ ውጪ ያለው አየር ስስ ስለሆነ ከውስጥ ይወጠራል፤ ስትመታው ከፍ ብሎ ይነጥራል፤ ሲበርም የሚገታው አየር ስለሳሳ ከመሥመር ውጪ ይሄዳል። አሰልጣኙ «ኳሷ ከፍ ብላ ስለምትመጣ እጅ ወደ ሥር፣ ከመሥመር እንዳትወጣ ደግሞ ቶፕስፒን» ይላል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ የምትሽከረከር ኳስ ወደ መሬት የምትወርደው አየር ሲይዛት ነው፤ አየሩ ስስ ከሆነ በምን ትያዛለች? የናዳል ፎርሃንድ በአማካይ በደቂቃ 3,200 ጊዜ ያህል ይሽከረከር ነበር ይባላል፤ ሳምፕራስና አጋሲ ሁለት ሺሕም አይሞሉ። እሺ፤ ግን ናዳል ሮላንድ ጋሮስን አሥራ አራት ጊዜ የወሰደው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይለው በፓሪስ ቀይ አፈር ላይ ነው፤ ሾላ አይደለም። የእኛ ልጅ በናዳል አያያዝ፣ በናዳል ክንድ ሳይሆን፣ ስስ አየር ውስጥ ኳስ ሲፍቅ ኳሷ አጥር ዘልላ ትሄዳለች። እኛ ኳስ አቀባዮች ምን እናደርግ ነበር? ፈረንጆቹ የጣሉትን፣ ጋዙ ያለቀበትን ኳስ ለቅመን እንጫወት ነበር። በዚህ ከፍታ እንደ ሞተ ኳስ ያለ ኳስ የለም። ለአሰልጣኙ ነገርኩት፤ ሳቀ። ትሑት ልጅ ነው፣ ግን ሳቀ።

ደግሞ ልጆቹ ባይማሩ አልልም። ታሪኩና ደስታ የሚባሉ ወንድማማቾች በስማቸው ባቋቋሙት ፕሮግራም አዲስ አበባ ውስጥ አቅም ለሌላቸው ልጆች ቴኒስና ትምህርት አብረው ሲሰጡ ኖረዋል፤ እግዜር ይስጣቸው። እኔ የምለው ልጅ ሜዳውን ዓይቶ ሳይሆን ቴሌቪዥን ዓይቶ እጁን ያዞራል ነው። የልጅ ልጄ የራኬት መጠቅለያ ግዛልኝ ብሎ ዋጋውን ሲነግረኝ በካላማዳሪያ ጠቅልዬ ሰጠሁት። አልያዘውም። ናዳል በካላማዳሪያ አይዝም አለኝ። ቦርግስ በምን ያዘ መሰለህ ልለው ነበር፣ ስሙን መጥራት ስላልፈለግኩ ተውኩት።

አንድ ነገር ግን አሸንፌዋለሁ። ንጥቂያ ሣር ላይ አይሠራም እያልኩ ስምል፣ በ2025 ያቺ ፖላንዳዊት ሽቪዮንቴክ፣ የንጥቂያ እመቤት፣ የዊምብልደንን ፍጻሜ 6-0 6-0 አሸንፋ አረፈችው። ልጁ ቤቱን በጩኸት ሞላው። እኔ ቀስ ብዬ «ሣሩን ቀይረውታል» አልኩ። ይስቃል። ከ2001 ጀምሮ የዊምብልደን ሣር መቶ በመቶ አንድ ዓይነት፣ ራይግራስ የሚባለው ሆኗል፤ ሜዳው ጠንክሮ ኳሷም እንደ ድሮው አትንሸራተትም፣ ቀና ብላ ትነጥራለች፤ ፈልግ አልኩት። ስልኩን ነካካ። ፈለገ። ዝም አለ። «አባባ ልክ ነህ» ማለት እንኳ አልተማሩም።

አሁን የቀረን መረቡ ነው። ኳሷ መሬት ሳትነካ የሚመታው ቮሊ በዌስተርን አይሆንም፤ እጅ እስከ ኮንቲኔንታል ድረስ ሦስት ጎን ተሻግሮ መውጣት አለበት፣ ያውም ኳሷ ደረት ላይ ከመድረሷ በፊት። ትልልቆቹ ግራ እጃቸው የራኬቱን አንገት ይዞ ያዞርላቸዋል፤ የእኛው ልጅ ግራ እጅ ኪሱ ውስጥ ነው። ለሚመጣው ቅዳሜ ራኬቴን አዘጋጅቻለሁ። እሱ መረብ ላይ ይቆማል፣ እኔ የሞተ ኳስ እወረውርለታለሁ።