ባለ ጌሾው

ደብረ ማርቆስ ላይ ሰው የሚታወቀው በአባቱ ስም፣ በሰፈሩ ወይም በጓሮው ነው። የአባቴን ስም የሚያስታውሱ ሽማግሎች አልቀዋል። ሰፈሬም ቀበሌው በተከፈለና በተዋሐደ ቁጥር ስሙ ይለዋወጣል። የቀረኝ ጓሮዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ግማሹ የሰፈር ሰው ክፍልፋይ የተማረው ከእኔ ነው። መንገድ የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ ግን «መምህሩ ቤት» የሚል የለም። «ባለ ጌሾው ቤት ስትደርስ ወደ ቀኝ ታጠፍ» ነው የሚባለው።

ችግኙን ቢቸና ካለው የእናቷ ጓሮ ያመጣችው ባለቤቴ ናት። ስለ ጌሾው የዘር ሐረግ ስታወራ፣ የእኔን ዘር ስትቆጥር አይቼባት የማላውቀው ኩራት ይታይባታል። «ይኼ የእናቴ እናት ጌሾ ነው፤ ገበያ የሚወጣው እንዳይመስላችሁ» ትላለች። ቅጠሉ ሰፋ ያለ ነው፤ ላዩ ያብለጨልጫል፤ ምሬቱ ምላስ ላይ ቤት ሠርቶ ይቀመጣል።

ጌሾ ለችኩል ሰው አይሆንም። በሐምሌ ዝናብ ይተከላል፤ መጀመሪያ ሥር ሲሰድ ይከርማል፤ ቅጠሉን ደፍሮ ለመሸምጠጥ ሁለት ሦስት ዓመት ይጠበቃል። አንዴ ከያዘ ግን ከጮቄ የሚወርደው ብርድ አይበግረውም። ሲቆርጡት ያቆጠቁጣል፤ ሲሸመጥጡት መልሶ ይለብሳል። ፍሬው ቀልቶ ቀልቶ ሲጠቁር ወፍ ይበላዋል፤ ወፍ ደግሞ ያንን ፍሬ የት እንደምትጥል የይዞታ ካርታ አታይም። በዚህ ምክንያት አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቶቼ የእኔን ጌሾ ልጆች ያሳድጋሉ። ከራሳቸው ግን አይቆርጡም። «የእኛ ገና ልጅ ነው» ይላሉ። አምናም ልጅ ነበር። ቁመቱ አጥሩን አልፎ መንገዱን እያየ ዘንድሮም ልጅ ነው።

የጌሾዬ ዋና ተባይ ቅዱሳን ናቸው። ይቅር ይበሉኝ፤ እነሱ ሳይሆኑ በስማቸው የሚመጡት ናቸው። ወሩ በ5 በአቦ ይጀምራል። በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም ይከተላሉ። ለእያንዳንዱ ማኅበር አለ፤ ማኅበሩ ጠላ ይፈልጋል፤ ጠላው ጌሾ ይፈልጋል። «ለራሴስ ቢሆን ባላስቸገርሁህ፤ የጊዮርጊስ ሆኖብኝ ነው» ብሎ በር ላይ የቆመን ሰው ምን ይሉታል? ባለ ፈረሱን ባዶ እጅህን ተመለስ ይባላል? በዚህ ላይ የጥር ሰርግ አለ፤ ተዝካር አለ፤ ፋሲካ አለ። ሚያዝያ 30 የከተማው ባለቤት ማርቆስ ሲነግሥማ ጌሾዬ ራሱን ተላጭቶ የመነነ ይመስላል።

ለማኙም ደረጃ ደረጃ አለው። ዝቅተኛው ልጅ በፌስታል የሚልክ ነው። ልጁ ጌሾና ግራዋ ስለማይለይ ያገኘውን ቆርጦ ይሄዳል። መካከለኛው «እንደምን አደርህ» ካለ በኋላ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ ልጆቼ ጤና ጠይቆ፣ ሊወጣ በሩን ይዞ ሳለ የመጣበትን ነገር ድንገት የሚያስታውስ ነው። ከፍተኛው ከጓሮ ሆኖ እየቆረጠ «ቤቶች! አላችሁ?» የሚለው ነው።

ጌሾ ሲወቀጥ ደግሞ ማንም የለም። ይኼ የቆየ የአገራችን ወቀሳ ነው፤ እኔም በሙቀጫ ፊት ሆኜ አረጋግጨዋለሁ። ቅጠሉ ደርቆ ዘነዘናው ሲነሣ ሰፈሩ ሁሉ ወገቡን ያመዋል። ጋኑ ሲከፈት ወገቡ ይድናል።

ምስጋናውም እንዲሁ ነው። ጠላው ሲያምር የሚወደሰው ጋኑ ነው፤ በወይራ በደንብ ታጥኗል ይባላል። ያለዚያ የጠማቂዋ እጅ ነው፤ ያለዚያ ብቅሉ ነው። ሲኮመጥጥ ግን ሁሉም ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ እኔ ይዞራል። «የመምህሩ ጌሾ ዘንድሮ ምን ነክቶት ነው?» ይላል። እንኩሮው ማረሩን፣ ጥንስሱ ሳይደርስ ድፍድፉ መጣደፉን የሚያነሣ የለም።

እንዲህ ባለ ኑሮ ላይ ሳለሁ ነው የእህቴ ልጅ ነገር የመጣው። ልጁ ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ይኖራል። ጨዋ ነው፤ ይሠራል፤ ለእናቱ ይልካል፤ በዓል ሲሆን ይደውላል። አንድ ቀን በስልክ እየተያየን ስናወራ ከጀርባው፣ መብራት በበራበት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ለምለም ነገር አየሁ።

«ጌሾ ነው እንዴ?» አልሁት።

«የለም ጋሼ፣ ካናቢስ ነው» አለኝ፤ ጎመን ነው የሚል ሰው ድምፅ እንኳ ከዚህ የበለጠ አይረጋጋም።

እኔ የማውቀው የአገሬን ሕግ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አብቃዩን ከአዘዋዋሪው ጋር ደምሮ ያስራል። ስለዚህ ስልኩን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርሁት፤ የእኛ ሰፈር አጥር ዓይን አለው። ልጁ ግን ከግድግዳው ውስጥ ሆኖ ማስረዳቱን ቀጠለ። ካናዳ ከጥቅምት 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ ሰው ፈቅዳለች። በኦንታሪዮ አንድ ቤት እስከ 4 ተክል ማብቀል ይችላል። አምስተኛው ወንጀል ነው። ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ይኼ ነገር ደስ አለኝ፤ ጽድቅና ኩነኔ በአንድ ቁጥር ተለይተው አይቼ አላውቅም።

ልጁ ለዓመታት አንዲት ዘር ብቻ ይዞ ኖሯል። ከእናቲቱ ተክል እየቆረጠ ያራባታል፤ ሌላ አይቀላቅልባትም። ስለ ቅጠሏ፣ ስለ ሽታዋ፣ ስለ ጠባይዋ ሲናገር ድምፁ ለስለስ ይላል። እየሰማሁት ሳለ ይኼን ንግግር ቤቴ ውስጥ ስሰማው እንደኖርሁ ገባኝ። ባለቤቴ ናት! ከጓዳ ሆና ታዳምጥ ኖሮ የተክሉን ምንነት እንኳ ሳትጠይቅ «ዘሩ ከማን ጓሮ ነው?» አለች።

«ከሱቅ ነው የገዛሁት፣ እትዬ።»

«የተገዛ ዘር!» አለችና ወደ እንጀራዋ ተመለሰች። ለእሷ ክሱም ፍርዱም እዚያው አለቀ።

ልጁ ግን አልተሸነፈም። «እናንተም እኮ ያው ናችሁ» አለኝ። ነገሩን ሲያብራራ፣ ፈረንጅ ቢራውን የሚያመርርበት ሆፕ የሚባለው ሐረግና ካናቢስ በእጽዋት ሊቃውንት መዝገብ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ይኼ እውነት ነው። ጌሾ ደግሞ ለጠላ የሆፕን ሥራ ይሠራል። ስለዚህ በልጁ ስሌት የእሱ ቁም ሳጥንና የእኔ ጓሮ ዘመዳሞች ሆኑ።

ጎጃሜ በብዙ ነገር ሊሸነፍ ይችላል፤ በዘር ቆጠራ ግን አይቻልም። «ልጄ፣ ሥራ አንድ ነገር ነው፤ ሥጋ ሌላ ነው» አልሁት። «አንድ መሥሪያ ቤት የሚውሉ ሁሉ ወንድማማች ከሆኑ እኔ ከርዕሰ መምህሬ ጋር ልወራረስ ነው? የጌሾ ወገን ቁርቁራ ነው። ቁርቁራ ደግሞ በጌታ ራስ ላይ የተደፋው የእሾህ አክሊል የተጎነጎነበት ነው እየተባለ የሚነገርለት ዛፍ ነው። የእኛ ዘመድ ከስቅለት ታሪክ ውስጥ አለ፤ የአንተ ዘመድ ከፖሊስ መዝገብ ውስጥ አለ። ሰባት ቤት ብትቆጥር አንገናኝም።»

ከዚያም ወደ ዋናው ነጥብ ገባሁ። ጌሾ ራሱ አያሰክርም። የሚያሰክረው እህሉ ነው፤ ገብሱና ዳጉሳው ፈልቶ ነው አልኮል የሚሆነው። ጌሾ የሚሰጠው ምሬቱን ነው፤ ጠላውን ከሚያበላሽ ተሕዋስም ይከላከላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው ከቅጠሉ ያገኙትን መራራ ንጥረ ነገር በፈረንጆች 1995 ይፋ ሲያደርጉ «ጌሾይዲን» ብለው ሰይመውታል። ቅጠሉ ለጠላ ይሄዳል፤ እንጨቱ ለጠጅ ይሄዳል። ጌሾ በግብዣው ላይ ያለው ሚና የሽማግሌ ነው፤ ራሱ ሳይሰክር ሌላው ከመስመር እንዳይወጣ ይቆጣጠራል።

ልጁ ግን ንባብ አለው። «ጋሼ፣ ካናቢስም ለአገራችን እንግዳ አይደለም» አለና ከዋሻ ጉድጓድ የወጣ ማስረጃ አመጣብኝ። ከጣና ሐይቅ ምሥራቅ፣ ላሊበላ በሚባል ዋሻ (ከተማው አይደለም) የተቆፈሩ የሸክላ የጋያ ራሶች አሉ። ቫን ደር መርዌ የሚባሉ ተመራማሪ የካናቢስ ርዝራዥ እንዳገኙባቸው በፈረንጆች 1975 ጽፈዋል፤ ዕድሜያቸውም ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ይሆናል። ቅድመ አያቶቻችን ያጨሱ ነበር ማለቱ ነው።

ጥቂት አሰብሁ። «የጣና ምሥራቅ ነው ያልኸው?»

«አዎ።»

«እንግዲያስ በጌምድር ነው። የጎጃምን ስም አታንሣ።»

ደግሞስ ቢያጨሱ ምን ተረፋቸው? በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ሱረት የሳበ አፍንጫው፣ ትምባሆ ያጨሰ ከንፈሩ ይቆረጥ ነበር ይባላል። የእኛው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ይችን መንቆረር ትባል የነበረች ከተማ ደብረ ማርቆስ ያሰኟት፣ ዘውዳቸውን ከእኚሁ ዮሐንስ እጅ ነው የተቀበሉት። በጠላ የተነሣ ግን ከንፈሩን ያጣ ሰው አልሰማሁም፤ ሚዛኑን ያጣ እንጂ።

ክርክሩ በሳቅ አለቀ። በኋላ ግን ልጁ ዝም አለና ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ሰው እየመጣ ይቆርጥብሃል፣ አይደል?»

«መቁረጥ ብቻ!» ብዬ ሁሉንም ነገርሁት፤ ከአቦ እስከ መድኃኔ ዓለም፣ ፌስታሉን፣ ከጓሮ የሚጣሩትን። እንዲያዝንልኝ ነበር። ልጁ ግን ቀና። የእሱን ተክል በዚያ ሁሉ ዓመት የጠየቀው ሰው የለም። ቁም ሳጥኑን ይቆልፋል፤ ሽታው እንዳይወጣ ማጣሪያ አስገብቷል፤ ቆርጦ፣ አድርቆ፣ ብቻውን ይቀመጣል። የጎረቤቱን ስም አያውቅም። ሕጉ ፈቅዶለታል፤ በሩን የሚያንኳኳ ግን አልመጣም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። እኔ የጌሾን ክብር ከቁርቁራ ዝምድና፣ ከኬሚስት መዝገብ ስፈልግ ነበር። ለካ ክብሩ ከለማኙ ነው። ደቡብ አፍሪካ ይኼው ጌሾ ራሱ ይበቅላል፤ እዚያ ለአጥርና ለጌጥ ይተክሉታል፤ ከመብረቅ ይጠብቃል የሚሉም አሉ። ጠላ የሚጠምቅበት የለምና ግንዱ ሙሉ፣ ቅጠሉ ድፍን ሆኖ፣ ሥራ ፈትቶ ቆሟል። የእኔው የተመለጠው ጌሾ ግን በዚህ ሰፈር ያለ እሱ ልጅ አይዳርም፤ ሙት አይዘከርም፤ የተጣላ አይታረቅም። ተክልን ጨዋ የሚያሰኘው ስንት ቤት ድግስ ውስጥ እንደገባ ነው እንጂ በቅጠሉ ውስጥ ያለው አይደለም።

ልጁም ይኼው ሳይገባው አልቀረም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደውሎ «የጌሾ ፍሬ ላክልኝ፤ እዚህ ያሉትን ሐበሾች ጠላ ልጠምቅላቸው ነው» አለኝ። ባለቤቴ ደስታዋን አልቻለችውም፤ የእናቷ እናት ጌሾ ውቅያኖስ ሊሻገር ነው! ፍሬውን መርጣ፣ አድርቃ፣ በጨርቅ ቋጠረች።

ሁለተኛው ስልክ ግን ቀዝቃዛ ነበር። ልጁ ጠይቆ አጣርቷል። የጌሾ የአውሮፓ የቅርብ ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ በኦንታሪዮ በሕግ ከተዘረዘሩት ጎጂ አረሞች አንዱ ነው። የአጃን ዋግ ያስጠጋል፤ ፍሬውንም ወፍ እየበላ በየሰዉ ግቢ ያዛምተዋል። ስለዚህ የዚህ ዘር ወገን የሆነ ፍሬ ከውጭ ማስገባት ፈቃድ፣ ምርመራና ወረቀት ሳይጠይቅ አይቀርም ብሎ ፈራ።

ለባለቤቴ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት፦ እዚያ አገር ካናቢስ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ የጌሾ ዘመድ ደግሞ በሕግ ይሳደዳል። ቋጠሮዋን እያየች ዝም አለች። ከዚያም «ወፍ ፍሬ በልታ በየግቢው ብትዘራ ወንጀሉ ምንድን ነው?» አለች። «እንዲያውም ከጎረቤት የሚያስተዋውቃቸው እሱ ነበር።»

ይኼን ስናወራ ከጓሮ «ቤቶች! አላችሁ?» የሚል ድምፅና የማጭድ ኮሽታ አብረው መጡ። ቀኑ 23 ነበር።

እኔም ለሚመለከተው ሁሉ አቤቱታ ለመጻፍ ወስኛለሁ። ካናዳ ለአንድ ቤት አራት ተክል ፈቅዳለች፤ እኔ የምለምነው ለአንድ ተክል አራት ቤት ብቻ እንዲፈቀድ ነው። አምስተኛው ወንጀል ይሁንልኝ።